ምጥ የያዛትን ማን ጠየቃት?



ምጥ የያዛት ሴት የህመም ማስታገሻ ትውሰድ ወይስ አትውሰድ በሚለው ጉዳይ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። አማት ትናገራለች፣ ባል ይናገራል፣ ሐኪሙም የሰፈሩም ሴት የየራሳቸውን ይላሉ። የእኔ አቋም አጭር ነው፤ ውሳኔው የወላዷ ነው። ውሳኔዋ እውነተኛ የሚሆነው ግን ምጡ ከመምጣቱ በፊት አማራጩ ሲነገራትና ፍላጎቷን ስትጠየቅ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ1847፣ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ ኤደንብራ ከተማ ውስጥ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን የሚባል ሐኪም ምጥ ላይ ላለች ሴት ኤተር የተባለ ማደንዘዣ ሰጠ። ዓመቱ ሳያልቅም ወደ ክሎሮፎርም ዞረ። ብዙ ሐኪሞች የመድኃኒቱ ደኅንነት አሳሰባቸው፤ ክሎሮፎርም ሰው ሊገድል ይችል ነበርና ሥጋታቸው ተገቢ ነበር። ሌሎች ግን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3ን ጠቅሰው፣ ሔዋን በጭንቅ እንድትወልድ ስለተፈረደባት ህመሟን ማቅለል ፍርዱን መሻር ነው አሉ። ሲምፕሰን በዚያው ዓመት በጽሑፍ መለሰላቸው። በዚያው ምዕራፍ ምድር እሾህና አሜከላ እንድታበቅል ተፈርዶባታል፤ ታዲያ ገበሬ እሾሁን ሲነቅል ማን ኃጢአት ነው አለው? ደግሞስ ከአዳም ጎን አጥንት ሲወሰድ አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ ወድቆበት አልነበረምን?

ይህን የማነሣው ክርክሩ በእኛም ቤት ስላለ ነው። እኛ ወላድ በምጥ ስትያዝ ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ የሚማጸኑባት አገር ልጆች ነን። በዚያ ምልጃ ውስጥ ህመሙ ይጽናባት የሚል አንድም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የሚለመነው ምሕረት ነው። ስለዚህ ማስታገሻ የምትጠይቅ ሴት እምነቷን ጥላለች የሚለው ወቀሳ ከራሳችን ጸሎት ጋር አይስማማም።

በእንግሊዝ ክርክሩን ያላላው የአንዲት ወላድ ፈቃድ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ሚያዝያ 1853 ስምንተኛ ልጇን ሊዮፖልድን ስትወልድ ዶክተር ጆን ስኖው በመሐረብ ላይ ክሎሮፎርም እያንጠባጠበ አስሸተታት። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ገዥ ራሷ ስለፈቀደችው ብዙ አፍ ተዘጋ። ድሃዋ ወላድ ግን እንዲህ ያለ ሐኪም በደጇ አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ይበልጥ ያሳስበኛል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ፍራይቡርግ ሐኪሞች ሞርፊንና ስኮፖላሚን አቀላቅለው መስጠት ጀመሩ፤ «ድንግዝግዝ እንቅልፍ» ተባለ። አሜሪካውያን ሴቶች ዝናውን ሰምተው በ1914 ማኅበር አቋቁመው ለእኛም ይሰጠን ብለው ታገሉ። ሴቶች ለህመማቸው ዋጋ ሰጥተው ስለታገሉ አከብራቸዋለሁ። መድኃኒቱ ግን ከህመሙ ይልቅ ትዝታውን ነበር የሚያጠፋው። ወላዷ ትጮኻለች፣ ትወራጫለች፤ እንዳትወድቅ አልጋ ላይ የምትታሰርበት ጊዜም ነበር። ነቅታ ራሷን ልጅ ታቅፋ ስታገኝ ምንም አታስታውስም። አንዳንዱ ሕፃንም ፈዝዞ፣ ትንፋሹ ደክሞ ይወለድ ነበር። የሴትየዋ ድምፅ ከተነጠቀ ማስታገሻውም የእሷ አይደለም። በማዋለጃ ክፍል ስሠራ ይህን ታሪክ ሁልጊዜ አስባለሁ፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ድምፅ የሚነጠቀው ያለ መድኃኒትም ነው። «ያኔ ደስ ሲልሽ መች ጮኽሽ» የሚለውን ስድብ ያልሰማ የጤና ባለሙያ በዚህ አዳራሽ ካለ እጁን ያውጣ። ሴት እንዲህ እየተባለች ማስታገሻ የመጠየቅ ድፍረት ከየት ታመጣለች?

አሁን ወዳሉት አማራጮች ልምጣ። ህመምን በማስታገስ ኤፒዱራልን የሚያህል የለም። በታችኛው ጀርባ በመርፌ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ቱቦው ከኅብለ ሰረሰር ሽፋን ውጭ ባለው ክፍተት ይቀመጥና መድኃኒቱ በየጊዜው በእሱ ይሰጣል። እናትየዋ ነቅታ፣ እየተነጋገረች ታምጣለች። ዋጋም አለው። የደም ግፊት ሊወርድ፣ እግር ሊከብድ፣ ሽንት መሽናት ሊያስቸግር፣ የመግፋቱ ጊዜ ሊረዝም ይችላል፤ ከመቶ አንዷ ገደማም ከባድ ራስ ምታት ያገኛታል። የደም መርጋት ችግር ያለባት ሴት ላይሰጣት ይችላል። በሰፈር የሚወራው «የጀርባ መርፌ ዕድሜ ልክ ወገብ ያሳምማል» የሚለው ግን በጥናት አልተደገፈም፤ መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያም ይችላል፣ ከወሊድ በኋላ ያለው የወገብ ህመም ግን መርፌ ባልተወጉትም ዘንድ የተለመደ ነው። ኤፒዱራል በራሱ ወደ ኦፕራሲዮን ይገፋል የሚለውንም ተሰባስበው የተመረመሩ ጥናቶች አላረጋገጡትም።

ኦፒዮይድ የሚባሉት ፔቲዲንና መሰሎቹ ደግሞ በመርፌ ይሰጣሉ፤ ህመሙን ያለዝባሉ እንጂ አያጠፉም። እናትን ያስተኛሉ፣ ያቅለሸልሻሉ፤ ልጁ ሊወለድ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ከተሰጡ ሕፃኑን ሊያፈዝዙት ስለሚችሉ ሰዓቱ ይታሰብበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የምጥና ወሊድ መመሪያ ኤፒዱራልም የኦፒዮይድ መርፌም ማስታገሻ ለጠየቀች ጤነኛ ወላድ እንዲሰጡ ይመክራል፤ «ለጠየቀች» የሚለው ይሰመርበት። በዚያው መመሪያ እንደ ፍላጎቷ የአተነፋፈስ ልምምድ፣ ወገብ ማሸት፣ ሙቅ ጨርቅ፣ መንቀሳቀስና የመረጠችው ሰው አብሯት መሆኑ አሉ። በእናቶቻችን ቤት ወገብ የምትይዝ፣ «አይዞሽ» የምትል ሴት አትጠፋም ነበር። (ሆድን ማሸት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለእናትም ለልጅም አደገኛ ነውና ይቅር።) ወላድ ከጎኗ የማይለያት ሰው ሲኖር ምጡ እንደሚያጥር፣ የማስታገሻ ፍላጎቷም እንደሚቀንስ ተጠንቷል። እኛ ግን ሴቶች ወደ ጤና ተቋም መጥተው እንዲወልዱ ስንቀሰቅስ ኖረን፣ ሲመጡ እናታቸውን ከበር መለስን። ይህን ለማስተካከል ከውጭ የሚገባ መድኃኒት አያስፈልግም፤ መጋረጃና ፈቃድ ይበቃል።

ኤፒዱራል በአገራችን በአብዛኞቹ ማዋለጃዎች የለም። የሰመመን ባለሙያ፣ ክትትልና ለድንገተኛ ችግር ዝግጁ የሆነ ክፍል ይፈልጋል፤ እነዚህ በሌሉበት ኤፒዱራል ይሰጥ ማለት እናትን አደጋ ላይ መጣል ነው። ስለዚህ የገጠሯን ወላድ «ምረጪ» ብለን ብንጠይቃት ጥያቄያችን ባዶ እንዳይሆን እፈራለሁ። ቢያንስ ያለውን በሐቅ እንንገራት። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የምትወልደው እህታችን ችግሯ የተገላቢጦሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ወላዶች 7ቱ ገደማ የጀርባ ማደንዘዣ ይወስዳሉ፤ እሷም ምጥ ሲያጣድፋት በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ የስምምነት ቅጽ ይቀርብላታል። ሳይገባት የፈረመችም፣ ሳይገባት እምቢ ያለችም አልመረጠችም። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳላት በእርግዝና ክትትሏ ጊዜ ትወቅ።

ከባልደረቦቼ የምጠይቀው ይህን ነው። በመጨረሻዎቹ የክትትል ወራት እናትየዋን አስቀምጠን በተቋማችን ምን እንዳለና ምን እንደሌለ፣ የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት እንንገራት። ማን አብሯት እንዲሆን እንደምትፈልግ፣ ህመሙ ቢበረታ ምን እንዲደረግላት እንደምትሻ ጠይቀን በካርዷ ላይ እንጻፍ። ምጥ መሐል ሐሳቧን ብትለውጥ፣ አልፈልግም ያለችው ብትፈልግ፣ እፈልጋለሁ ያለችውም ብትተው፣ የተጻፈውን እያነበብን አንከራከራት፤ በዚያች ሰዓት የምትለውን እንስማ።