ከአምባገነን መንግሥት ውድቀት በኋላ የኮሙኒስት ፓርቲዎች ዕድል

(በማኅበራችን የውይይት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




ዛሬ ለውይይት ያቀረብነው ጉዳይ የሁለት ጎረቤት አገሮች፣ የፖርቱጋልና የስፔን ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በሁለቱም አገር አምባገነን መንግሥት ብዙ ዘመን ገዝቶ አለፈ፤ በሁለቱም አገር በድብቅ ሲታገሉ ከኖሩት መካከል በእስራትና በስደት እጅግ የተጎዳው የኮሙኒስት ፓርቲ ነበር። የነጻ ምርጫ ቀን በመጣ ጊዜ ግን ሕዝቡ አብላጫ ድምፁን ለሌላ ሰጠ። ይህ ስለ ምን ሆነ? ጥያቄው ለታሪክ ተማሪ ብቻ የሚተው አይመስለንም፤ መከራ የተቀበለ ሁሉ ሥልጣን ይገባዋል ብሎ የሚያምን ሰው በየአገሩ አለና።

ፖርቱጋልን እናስቀድም። በ1926 የተጀመረው አገዛዝ ሚያዝያ 25 ቀን 1974 በአንድ ቀን ተገለበጠ። የገለበጡት በአፍሪካው የቅኝ ግዛት ጦርነት የተሰላቹ መኮንኖች እንጂ ፓርቲው አልነበረም። የፓርቲው መሪ አልቫሮ ኩኛል 11 ዓመት ያህል ታስሮ ከቆየ በኋላ ጥር 3 ቀን 1960 በባሕር ዳር ካለው የፔኒሼ ምሽግ ከ9 ጓደኞቹ ጋር ያመለጠ ሰው ነው። አገዛዙ በወደቀ በ5ኛው ቀን ሊዝበን ገባ፤ ወዲያውም ሚኒስትር ሆነ። ዳሩ ግን በ1975 በተደረገው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ ሶሻሊስቶቹ ከመቶ 38 ያህል ሲያገኙ ኮሙኒስቶቹ ያገኙት ከመቶ 12.5 ብቻ ነበር።

ድምፁ ከየት እንደመጣ መመልከት ያስፈልጋል። በደቡብ፣ በአሌንቴጆ አውራጃ፣ መሬቱ የጥቂት ባላባቶች ስለነበረ የቀን ሠራተኛው ፓርቲውን እንደ ቤቱ ያየው ነበር። በ1975 ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ተይዞ የኅብረት እርሻ ሆነ። የዚያ አገር ገበሬዎች ይጮኹት የነበረው ቃል በእኛ ቋንቋ ቢነገር «መሬት ላራሹ» ነው፤ በ1965 የአዲስ አበባ ተማሪዎች ይዘውት የወጡት ያው ቃል መሆኑን ሳናነሳ አናልፍም። በሰሜን ግን ገበሬው ትንሽም ብትሆን የራሱ ማሳ ነበረችው፤ ቄሱንም ያከብራል። እዚያ የመሬት ሥሪት ለውጥ ሲባል የሰማው «ማሳህ ሊወሰድ ነው» የሚለውን ነው። በዚያው ዓመት በጋ በሰሜን የፓርቲው ጽሕፈት ቤቶች ተቃጠሉ። በዚያ አገር ድምፅ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።

ስፔን ሌላ ነው። ፍራንኮ ኅዳር 20 ቀን 1975 በሕመም ሞተ እንጂ ማንም አልጣለውም። ስለዚህ ጦሩም፣ ፖሊሱም፣ ዳኛውም በቦታው ቀረ፤ ኮሙኒስቶቹም ሕጋዊ ለመሆን መደራደር ግድ ሆነባቸው። ጥር 24 ቀን 1977 ቀኝ አክራሪዎች በማድሪድ፣ በአቶቻ መንገድ ከሚገኝ የሠራተኛ ጠበቆች ቢሮ ገብተው 5 ሰዎች ገደሉ። ፓርቲው ለበቀል አልተነሣም፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ አስከሬኖቹን በጸጥታ ሸኘ። ያ ጸጥታ ከብዙ ንግግር ይልቅ ፓርቲውን እንዳስከበረው እናምናለን። ሚያዝያ 9 ቀን ሕጋዊ ሆነ፤ በዚያው ወር ዘውዱንና የመንግሥቱን ባንዲራ ተቀበለ።

ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ምን ነበር? በሰኔ 1977 ምርጫ ከመቶ 9.3 ድምፅና ከ350 መቀመጫ 20። በየአውራጃው የሚከፋፈለው የመቀመጫ ሥርዓትም ትልልቆቹን ይጠቅም ነበር፤ ሶሻሊስቶቹ ከመቶ 29 ድምፅ ይዘው 118 ወሰዱ። የሶሻሊስቶቹ መሪ ፌሊፔ ጎንዛሌዝ 35 ዓመቱ ነበር፤ የኮሙኒስቶቹ ሳንቲያጎ ካሪዮ 62። መራጩ ካሪዮን ሲያይ የእርስ በርሱ ጦርነት ትዝ ይለዋል፤ ወጣቱን ሲያይ ነገን ያስባል። ብዙ ሠራተኛ በፋብሪካው የኮሙኒስቶቹን የሠራተኛ ማኅበር ይመርጥ ነበር፤ ለምክር ቤት ግን ሌላውን መረጠ። በዚህ ሠራተኛውን ሞኝ የሚሉ አሉ፤ እኛ አንላቸውም። ደመወዙን የሚያስጨምርለትንና አገር የሚያስተዳድርለትን ለይቶ መምረጥ መብቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ዕድል ተለያየ። የፖርቱጋሉ አቋሙን ሳይለውጥ በ1979 ከአጋሮቹ ጋር ከመቶ 18.8 ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ እየቀነሰ በ2025 ከ230 መቀመጫ 3 ብቻ ቀረው። የስፔኑ አቋሙን አለሰለሰ፤ በ1979 ጥቂት ከፍ ቢልም በስደት የኖሩት መሪዎችና በአገር ውስጥ የታገሉት ወጣቶች ሊስማሙ አልቻሉም፤ በ1982 ከ23 መቀመጫ ወደ 4 ወረደ። ካሪዮ በዚያው ዓመት መሪነቱን ለቀቀ፤ በ1985 ከፓርቲው ተባረረ። ግትርነት ገደለው የሚል ስፔንን ያስረዳ፤ ልስላሴ ገደለው የሚል ደግሞ ፖርቱጋልን ያስረዳ።

የአሌንቴጆ መሬት ከ1977 ሕግ በኋላ ጥቂት በጥቂት ለባለቤቶቹ ተመለሰ። የፔኒሼ ምሽግም ዛሬ ሙዚየም ነው።

ግሪክን ለማንሳት ጊዜ አልበቃንም፤ የቀረውን ሰዓት ለጥያቄዎቻችሁ እንለቃለን።