የጓሮ አረምና የባለቤቱ ግዴታ በኪልበርን

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ አረም መናገር ደስ አይል ይሆናል። ዳሩ ግን ወደ ማኅበራችን እንዲተረጎሙ ከሚመጡት ደብዳቤዎች መካከል ከካውንስል ስለ ጓሮ የሚጻፉት ጥቂት አይደሉም። ቤት የገዛነውም በኪራይ የምንኖረውም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰን እኩል እንደነግጣለን። ስለዚህ ሕጉ የሚለውንና የማይለውን ለይተን ልንነግራችሁ ወደድን።

አገር ቤት አረም የእርሻ ጉዳይ ነው። ማሳው በሙጃ ሲዋጥ ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ያርማል። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ በኋላም በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። እዚህ ደቦ የለም፤ ሕጉ የሚይዘው ባለቤቱን ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ጃፓኒዝ ኖትዊድ ነው። ዚቦልድ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከጃፓን ወደ አውሮፓ አመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1850 ለንደን ወደሚገኘው የኪው የእጽዋት መናፈሻ ተላከ። ያን ጊዜ ለጌጥ ይሸጥ ነበር! ግንዱ እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት ሲሆን ሐምራዊ ነጠብጣብ አለበት። ቅጠሉ የአካፋ ቅርጽ አለው፤ በበጋው መጨረሻ ነጣ ያለ አበባ ያወጣል። በብርዱ ወራት ከላይ ደርቆ የሞተ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከመሬት በታች ይቆያል። ጥፍር የምታህል የሥር ቁራጭ አዲስ ተክል ስለምትሆን፣ በማሽን መከርከም ማራባት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ይህ አረም በጓሮ መገኘቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ለካውንስል የማስታወቅ ግዴታም የለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ የሚከለክለው ወደ ዱር እንዲዛመት ማድረግን ነው። ቁራጩና አፈሩ ደግሞ በሕግ ቁጥጥር ሥር ያለ ቆሻሻ ስለሆነ በቤት ቆሻሻ ወይም በጓሮ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አይጣልም፤ ፈቃድ ያለው አንሺ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ መሠረት ካውንስሉ አረሙን ችላ ላለና ጎረቤቱን ላስቸገረ ሰው በመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ትእዛዙን የጣሰ ግለሰብ እስከ 2,500 ፓውንድ ይቀጣል። በትእዛዙ ላይ ይግባኝ የሚባለው በ21 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ መክተት ከአረሙ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ሌላው መዘዝ የሚመጣው ቤት ሲሸጥ ነው። ሻጭ የሚሞላው ቲኤ 6 የተባለ ቅጽ ስለዚህ አረም በቀጥታ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 በደቡብ ምዕራብ ለንደን ቤቱን ሲሸጥ «የለም» ብሎ የሞላ ሰው 32,000 ፓውንድ ካሣ እንዲከፍል ተፈርዶበታል፤ የጠበቃው ወጪ ከዚያ ይበልጣል። «ማን ያየዋል?» የሚሉ ወገኖች ይህን ቢያስቡበት ይበጃል። አረሙን በባለሙያ እያስረጩ፣ የሥራውንም ማስረጃ ይዘው ቤታቸውን የሸጡ ብዙ ናቸው። ርጭቱ ግን ጥቂት ዓመታት ይፈጃል።

አረሙ የመጣው ከአጥር ማዶ ቢሆንስ? ሠፈራችን የባቡር ሐዲድ የበዛበት ስለሆነ ጥያቄው ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሜስቴግ በተባለች የዌልስ ከተማ ለሚኖሩ ሁለት የቤት ባለቤቶች ኔትወርክ ሬልን ረትቶ ፈርዶላቸዋል። ሥሩ ወደ ጎረቤት መሬት መግባቱ ራሱ፣ ቤቱ ባይሰነጠቅም፣ እንደ ጉዳት ተቆጥሯል። እንግዲህ ለጎረቤት በትሕትና፣ ግን በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ተከራይ የሆንን ደግሞ ፎቶ አንስተን ለአከራዩ እንጻፍ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ እናስቀር።

ለየትኛው ካውንስል እንደሚጻፍ የሚምታታባችሁ አላችሁ። ከኪልበርን ሃይ ሮድ በስተምዕራብ ብሬንት፣ በስተምሥራቅ ካምደን ነው፤ ወደ ደቡብ ጫፍ ዌስትሚንስተርም ይገባል። አንድ ሠፈር፣ ሦስት ካውንስል! በካውንስል ታክስ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን ስም ተመልከቱ። ዛሬ ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ከቡናው በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ አብረን እናነበዋለን።