ስለ ጨረታ መዝጊያ ሰዓትና በመጨረሻዋ ቅጽበት ስለሚገባ ዋጋ
(በነቀምቴ የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ላይ ላዩን ሲያዩት ከወለጋ ምድር የራቀ፣ ሥራ የፈታ ፈረንጅ ሌሊቱን የሚገፋበት ጨዋታ የሚመስል ነው፤ ይኸውም በኢንተርኔት በሚካሄድ ጨረታ፣ መዝጊያው ሊደርስ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ሲቀረው፣ ገዢው ተኝቶም ቢሆን በእርሱ ስም ዋጋ የሚያስገባ መሣሪያ ነገር ነው። ዳሩ ግን የዚህ መሣሪያ ጠባይ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር፣ ኃይሉን የሚያገኘው ጨረታው ከሚዘጋበት ሥርዓት መሆኑ ይገለጣልና፣ የቡና ነጋዴውም፣ በሊዝ ቦታ የሚፈልገውም፣ ባንክ ለሐራጅ ያወጣውን ቤት ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅመውም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለበት።

አስቀድሜ የነገሩን ግብር ላስረዳ። ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ፒየር ኦሚዲያር በተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ሲመሠረት፣ ጨረታዎቹ ሁሉ አስቀድሞ በተነገረ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ እንዲዘጉ ተደነገገ። ገዢው እስከ ስንት ለመክፈል እንደ ቆረጠ ለማሽኑ በምሥጢር ይነግረዋል፤ ማሽኑም ያን ከፍተኛ ዋጋ ለማንም ሳያሳይ፣ ሌላ ተጫራች በመጣ ቁጥር ከዚያ ሰው ዋጋ በጥቂቱ እያስበለጠ ይጫረትለታል። በእኛ ገንዘብ እንናገረው ብንል፣ እኔ እስከ 10,000 ብር ብዬ ባስገባና ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሰው 7,000 ላይ ቢቆም፣ የምከፍለው ከ7,000 ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ሰው እውነተኛውን ዋጋ አንድ ጊዜ አስገብቶ ወደ ሥራው ቢሄድ ምንም የሚጎዳው ነገር የለም የሚያሰኝ ነው፤ የሒሳቡም ሐተታ ይህንኑ ይናገራል።

ሰዎቹ ግን እንዲህ አላደረጉም። ቀኑን ሁሉ ዝም ብለው እየጠበቁ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ እንደ ጎርፍ ይወርዱ ጀመር፤ ከዚያም እጃቸው አልፈጥን ቢላቸው፣ ይህን የሚሠራላቸው መሣሪያ አበጁ። መሣሪያው የገዢውን ስምና የይለፍ ቃል ተቀብሎ፣ ሰዓቱን ከገበያው ሰዓት ጋር አስተካክሎ ያደፍጣል፤ ሌላው ተጫራች አንብቦ ለመመለስ ጊዜ በማያገኝበት በዚያች ቅጽበተ ዓይን ዋጋውን ይወረውራል። አንዳንድ ጊዜም መልእክቱ በመንገድ ይዘገይና ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ጌታው ዕቃውንም ዕድሉንም አጥቶ ይቀራል።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ባሳተሙት ጥናት መርምረውታል፤ ሮት ከዐሥር ዓመት በኋላ በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሰው ነው። በዚያ ዘመን አማዞንም የራሱ ጨረታ ነበረው፤ የአማዞን ደንብ ግን በአንዲት ነገር ይለያል፤ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች አንድ ሰው ዋጋ ከጨመረ፣ ጨረታው ሌላ ዐሥር ደቂቃ ይራዘማል፤ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ዝም ካልተባለ አይዘጋም። ሁለቱ ምሁራን የሁለቱን ገበያዎች መዝገብ ሲያስተያዩ፣ በኢቤይ ከኮምፒውተር ጨረታዎች 40 በመቶው፣ ከጥንታዊ ዕቃዎች ጨረታ ደግሞ 59 በመቶው የመጨረሻ ዋጋቸውን ያገኙት በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ሲሆን፣ በአማዞን በኩል በዚያው ጊዜ ውስጥ የመጨረሻ ዋጋ የገባባቸው ወደ 3 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ሆነው ተገኙ። ያው የሰው ልጅ፣ ያው ስስት፣ ያው ኮምፒውተር፤ ትልቁ ልዩነት የመዝጊያው ደንብ ነበር።

የጥንታዊ ዕቃው ቁጥር ከኮምፒውተሩ ለምን በለጠ? ይህን ከዚህ ጉባኤ ይልቅ በቀላሉ የሚረዳ የለም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ የቡና ነገር ነውና። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ ለቀምት በሚል ስም ይታወቃል፤ ፍሬው ትልቅ፣ ጣዕሙ ወደ ፍራፍሬ የሚያደላ ነው ይሉታል። ምላሱ የሠለጠነ አንድ ቀማሽ ከጊምቢ በመጣ ቡና ውስጥ ሌላው ያላየውን ጣዕም አገኘ እንበል። ገና በጠዋቱ ዋጋ ቢጨምር፣ ቡናውን ያልቀመሱት ሁሉ «እርሱ የጨመረበት አንድ ነገር ቢያይ ነው» ብለው ይከተሉታል፤ የብዙ ዓመት ዕውቀቱ በአንድ ቃል ለገበያው ሁሉ ይበተናል። ስለዚህ ዐዋቂው እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ቡናውን ያላየ መስሎ ይቀመጣል። ኮምፒውተር ምን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የጥንት ዕቃን ዋጋ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ዝምታውም በዚያው መጠን ይበዛል። በዚህ ላይ ደግሞ ሻጩ ራሱ ያሰማራው፣ መግዛት ሳይፈልግ ዋጋ ብቻ የሚያንር የሐሰት ተጫራች አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ከሁሉ የተሻለው መድኃኒት ለማናር ጊዜ አለመስጠት ነው። ስለሆነም በመጨረሻዋ ሰከንድ የሚገባውን ሁሉ ሌባ ብለው የሚያወግዙትን ሰዎች አልቀላቀልም፤ ደንቡ ፈቅዶለታል፤ ከተንኮልም ራሱን ተከላክሏል።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች አሮጌ መርከቦችን ሲሸጡ አንዲት ቁራጭ ሻማ ያበሩና፣ ሻማዋ ከመጥፋቷ በፊት የመጨረሻውን ዋጋ የጠራው ሰው ይገዛ ነበር። የባሕር ኃይሉ ጽሕፈት ቤት ሹም የነበረው ሳሙኤል ፔፕስ በ1662 በያዘው ማስታወሻ ላይ፣ አንድ ብልህ ተጫራች ምሥጢሩን እንደ ነገረው ጽፏል፤ ነበልባሉ ሊጠፋ ሲል ጢሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰውዬውም ጢሱን እያየ፣ ሌሎቹ ሻማውን ሲመለከቱ እርሱ ዋጋውን ይጠራል። የዛሬው መሣሪያ የዚያ ጢስ ተመልካች የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በወለጋ አብያተ ክርስቲያናት፣ በመካነ ኢየሱስ ምእመናን ዘንድ ይሁን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በዓላት፣ ምእመኑ በስእለትና በመባ ያመጣው ዶሮ፣ በግ፣ አንድ ጆንያ ቡና ወይም ጃንጥላ ከጸሎት በኋላ ለጨረታ ሲቀርብ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ሐራጅ ባዩ በጉን በቀንዱ ይዞ ዋጋውን ይጠራና በኦሮምኛ እስከ ሦስት ለመቁጠር «ቶኮ!» ይላል፤ ዙሪያውን አይቶ «ለማ!» ይላል፤ ከዚያም አፉን ለ«ሰዲ» አዘጋጅቶ፣ ከኋላ የተቀመጡትን ሽማግሌ ዐይን ዐይናቸውን እያየ፣ ቃሏን እንደ ዜማ ይጎትታታል። በዚያች ጉተታ መካከል አንድ እጅ ከተነሣ፣ ቆጠራው ከ«ቶኮ» ይጀመራል። ልብ በሉ፤ ይህ አማዞን በኮምፒውተር የሠራው ደንብ ራሱ ነው። በዚህ ጨረታ ሊያደፍጥ የመጣ ሰው ምንም አያተርፍም፤ እርሱ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሲናገር ሌላው የሚመልስበት አዲስ ቅጽበት ይወለዳልና።

የመሥሪያ ቤቶቻችን ጨረታ ግን ይህን ጥበብ ከተወ ቆይቷል። በጋዜጣ የሚወጣውን ማስታወቂያ ተመልከቱ፤ ሰነዱ በታሸገ ፖስታ ተዘጋጅቶ እስከዚህ ቀን፣ እስከዚህ ሰዓት በጨረታ ሳጥን ይገባል፤ ሳጥኑ በዚያው ቀን ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። የተጻፈው ዋጋ ቀድሞ ወጥቶ እንዳይነገርበት የሚሰጋ ነጋዴ ፖስታውን በብብቱ ይዞ በኮሪደሩ ሲንጎራደድ ይቆይና፣ ጸሐፊዋ ሳጥኑን ልትዘጋ ስትነሣ ሮጦ ያስገባል። ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው መሣሪያችን ይኸው ነው።

ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በመያዣ የያዙትን ንብረት ራሳቸው በሐራጅ እንዲሸጡ ከተፈቀደላቸው ወዲህ ደግሞ፣ ማስታወቂያዎቻቸው ሐራጁ «ከጠዋቱ 4፡00 እስከ 6፡00» እንደሚካሄድ፣ ተጫራቹም የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ ይዞ እንዲቀርብ ማስታወቃቸው የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ያለው ሐራጅ በአዳራሽ ሲሆን ሰብሳቢው አስተዋይ ከሆነ ከስድስት ሰዓት በኋላ የተነሣን እጅ ሊያይ ይችላል፤ ወደ ኢንተርኔት ሲገባ ግን ማሽኑ ሰዓት እንጂ ፊት አያይም። በዚያ ላይ ስድስት ሰዓት የተባለው በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ ስልካችን በሚያሳየው የፈረንጅ አቆጣጠር? በመጨረሻዋ ሰከንድ ለመጫረት ያሰበ ሰው በዚህ ቢሳሳት የሚቀድመው ወይም የሚዘገየው በስድስት ሰዓት ሙሉ ነው።

ከነገሬ ጥቂት ልውጣና፣ ጨረታ መልኩ ስላማረ ብቻ ፍትሕ እንደማይሆን የሚያሳስብ አንድ ታሪክ ላንሣ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ጽላት፣ መጽሐፍና አክሊል ወደ ደላንታ ሜዳ አውርዶ ሁለት ቀን ሙሉ በደንበኛ ሐራጅ ሸጦታል፤ ከሁሉ በላይ የገዛውም በብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ዋጋ ተጠርቷል፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፍሏል፤ የንብረቱ ባለቤት ግን በዚያ ሜዳ ላይ እጅ የማንሣት ሥልጣን አልነበረውም። በ2013 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ አጫራች ቤት ከመቅደላ የወጡ ዕቃዎችን ለጨረታ ሲያቀርብ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃውሞ ከጨረታው እንዲወጡ ማድረጉን ታስታውሳላችሁ። የጨረታ የመጀመሪያ ጥያቄ ማን በስፍራው ተገኝቶ ሊናገር ይችላል የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ እኛን ከማንም በላይ ይነካናል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሻጭና ገዢ በአዲስ አበባ አዳራሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዋጋ ይጠራሩና መዳፍ ለመዳፍ በመምታት ይዋዋሉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግብይቱ ወደ ኮምፒውተር ተዛውሮ፣ በዚህ በነቀምቴም የኤሌክትሮኒክ ግብይት ማዕከል ተከፈተ። የወለጋ ሰው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሳይጓዝ በገበያው እንዲገኝ የሚያደርግ ነውና፣ እኔ ይህን እንደ ትልቅ በረከት ከሚቆጥሩት አንዱ ነኝ። ሆኖም ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ የሆነውን ማን ይረሳል? በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፍቶ፣ እዚህ በምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ፣ ሦስት ወር ያህል ዘመድ ከዘመዱ ተጠፋፍቶ ነበር። ከዚያም ወዲህ ኔትወርኩ ደጋግሞ ሄዶ የሚመለስ ነው። እንግዲህ የጊምቢ ነጋዴና የአዲስ አበባ ነጋዴ ሰዓቱ በተቆረጠ የኢንተርኔት ጨረታ ቢገናኙ፣ ሁለቱም ያው መሣሪያ ቢኖራቸው እንኳ፣ የመጨረሻዋ ሰከንድ የአዲስ አበባው ናት፤ የጊምቢው መልእክት ገና በመንገድ ላይ ነው። ጠንቃቃው የጊምቢ ሰው አስቀድሞ ይጫረታል፤ አስቀድሞ ስለ ተጫረተም ዕውቀቱን ለባላጋራው አሳልፎ ይሰጣል።

መሣሪያውን እንጠቀምበት ወይ ለሚሉኝ ወጣቶች መልሴ አጭር ነው፤ ደንቡ በሚፈቅድበት የውጭ አገር ገበያ፣ ማርትሬዛ ወይም የድሮ ቴምብር ስትገዙ፣ ተጠቀሙበት፤ የባንክ ሒሳባችሁ የተያያዘበትን የይለፍ ቃል ግን ለማታውቁት ሰው ማሽን አሳልፋችሁ አትስጡ። ለከተማ አስተዳደር ሹማምንትና ለባንክ ኃላፊዎች ያለኝ ነገር ከዚህ የከበደ ነው። የከተማ ቦታ በጨረታ የሚተላለፍበት ሥርዓት፣ የባንኩም ሐራጅ፣ ዛሬ ይሁን ነገ ወደ ኮምፒውተር መግባቱ አይቀርም፤ በሚገባበት ቀን ደንቡን የሚጽፈው ሰው ከመዝጊያው በፊት ባሉት ዐሥር ደቂቃዎች ዋጋ ከገባ ጨረታው ዐሥር ደቂቃ እንዲራዘም ያድርግ፤ የሚቆጠረው የማን ሰዓት እንደ ሆነም በማስታወቂያው ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

«እንዲህ ከሆነ ጨረታው መቼ ያልቃል?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ የሥራ ኃላፊ ነበር። እያንዳንዱ መራዘም አዲስ ገንዘብ የሚያስከፍል ስለሆነ፣ ማለቁስ ያልቃል፤ ለሻጩ ደግሞ፣ ሻጩም መንግሥት ወይም ባለዕዳው ሲሆን፣ የተራዘመው ደቂቃ ሁሉ ትርፍ ነው። ቤቱ በሐራጅ የሚሸጥበት ባለዕዳ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ዕዳው ይቀልለታል፤ ከዕዳው የተረፈውም ለእርሱ ይመለሳል። ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ኔትወርክ በአንድ ዞን ሲጠፋ ጨረታው ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለው ነው። እኔ ይቁምና በሌላ ቀን ይቀጠር ባይ ነኝ፤ መጥፋቱንም አገልግሎቱን የሚሰጠው የቴሌኮም ድርጅት በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ አለዚያ የተሸነፈ ሁሉ «ኔትወርክ ጠፍቶብኝ ነው» እያለ ጨረታ የማፍረስ በር ይከፈታል። በአንድ ወረዳ ብቻ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ቢጠፋስ? በዚህ ላይ ሐሳቤ ገና አልጸናም፤ እናንተ በየዕለቱ በነገሩ ውስጥ ያላችሁ ነጋድያን የምትሉትን ለመስማት ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄ ትቼዋለሁ።