የወርቅ ተስፋና የወጣቶች ታሪካዊ ልብ ወለድ



ለወጣት አንባቢ ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲ ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንዱ ለታሪኩ እውነት፣ ሁለተኛው ለአንባቢው ልብ ነው። ይህ ዕዳ ከሚከብድባቸው ርእሶች አንዱ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት እንግሊዝን በገዛችበት ዘመን፣ ከ1558 እስከ 1603 እ.ኤ.አ.፣ ተራ ማዕድንን ወርቅ ለማድረግ የተደከመበት የአልኬሚ ጥበብ ነው።

አልኬሚስቱን አስማተኛ ወይም አጭበርባሪ ብቻ አድርጎ መሣል ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። ማዕድናት ሁሉ ከዲንና ከባዜቃ ተዋሕደው በምድር ሆድ ይበስላሉ ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ እርሳስን ወርቅ ለማድረግ መድከም በዘመኑ ለብዙ ሊቃውንት እብደት አልነበረም። ጆን ዲ በሞርትሌክ ቤቱ ከአገሪቱ ታላላቅ የመጻሕፍት ስብስቦች አንዱን ያከማቸ የሒሳብ ሊቅ ሆኖ ሳለ፣ ከመላእክት ጋር ለመነጋገርም ይጥር ነበር።

ለወጣቶች መጽሐፍ እጅግ የሚስማማው ግን የጥቁሩ ድንጋይ ታሪክ ነው። ማርቲን ፍሮቢሸር ወደ ቻይና የሚያደርስ የባሕር መንገድ ሲፈልግ በ1576 እ.ኤ.አ. ከዛሬዋ ካናዳ ሰሜናዊ ጠረፍ አንድ ጥቁር ድንጋይ ይዞ ተመለሰ። አስቀድመው የፈተኑት ዐዋቂዎች ወርቅ የለበትም አሉ፤ ጆቫኒ ባቲስታ አኜሎ የተባለው የቬኒስ አልኬሚስት ግን አለበት አለ። የታመነው ተስፋ የሰጠው ቃል ሆነ። በ1578 እ.ኤ.አ. ከ1000 ቶን በላይ ድንጋይ ተጭኖ መጣ፤ በዳርትፎርድ ታላላቅ ምድጃዎች ቢነዱም የተመኙት ወርቅ አልወጣም። የጉዞውን ገንዘብ ያሰባሰበው ነጋዴ ማይክል ሎክ በዕዳ ታሰረ። በጉዞዎቹ ተማርከው ወደ እንግሊዝ የተወሰዱት የዚያ ምድር ተወላጆችም አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ ሞቱ።

እንግዲህ ደራሲው በዚያ ምድጃ አጠገብ ወናፍ የሚነፋ አንድ ልጅ ቢያቆም፣ ታሪኩ ሕይወት ያገኛል። ልጁ ማቅለጫው ባዶ መሆኑን በዓይኑ ያያል፤ ጌታው፣ ባለጸጎቹና ቤተ መንግሥቱ ግን ወርቅ ይጠብቃሉ። ይናገር ወይስ ዝም ይበል? ቢናገር እንጀራውን ያጣል፤ ዝም ቢል መርከቦቹ ዳግመኛ ይዘምታሉ። ደራሲው በኋላ ዘመን ዕውቀት ተመክቶ በእነዚያ ሰዎች ላይ ሊሥቅ አይገባውም። ወጣቱ አንባቢ ከልጁ ጋር ተጨንቆ፣ ምኞት ዐዋቂን እንኳ እንዴት እንደሚያታልል ሊረዳ የሚችለው እንዲህ ሲጻፍለት ነው።