ስለ ጨጓራ ቍስልና ስለ መንገዱ ርዝመት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ የማያውቅ ቢገኝ ጥቂት ነው። ያናደደንን ሰው ሳይቀር «ጨጓራዬን ላጠው» እንላለን። ሊቃውንቱም ቢሆኑ ለብዙ ዘመን የጨጓራ ቍስል ከብስጭትና ከአሲድ ብዛት ይመጣል ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራልያ ሐኪሞች በፐርዝ ከተማ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ተሕዋስ ከበሽተኞች ጨጓራ ወስደው ለማሳደግ ቻሉ። ማርሻል የሚያምነው ቢያጣ በ1984 ተሕዋሱን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀላል ሊሆን ይገባ ነበር። በዚህ ተሕዋስ የመጣ ቍስል፥ ሁለት ዓይነት ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ከኦሜፕራዞል ጋር ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ቢወሰድ፥ በአብዛኛው ይድናል። ዕውቀቱ አለ፤ መድኃኒቱም ብርቅ አይደለም። ታዲያ ሰው በዚህ በሽታ ስለ ምን ይሞታል?

ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሁለቱም ለወራት ሲያቃጥላቸው ቈይቶ ቍስሉ ጨጓራቸውን ወይም ከጨጓራ የሚቀጥለውን አንጀት በሳው እንበል። በዚያች ሰዓት ሆድ እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ አሲዱና ምግቡ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። አንደኛው የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። በታክሲ ይሄዳል፤ ሐኪሙም በዚያው ሌሊት ቀዳዳውን በሞራ ሸፍኖ ይሰፋለታል። ሁለተኛው ገበሬ ነው። መጀመሪያ ቍርጠት ነው ይባልና ተልባ ይበጠበጥለታል። ሲነጋ ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ይሸከመዋል። ጤና ጣቢያው ቀዶ ሕክምና ስለሌለው ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። ከዚያ መኪና ይፈለጋል፤ ለመኪናው ገንዘብ ይፈለጋል፤ በግ እስኪሸጥ ሌላ ቀን ያልፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ቢሆን እንኳ መድኅኑ የሕክምናውን ዋጋ እንጂ የመኪናውንና የአስታማሚውን ማደሪያ አይከፍልለትም። ቀዳዳው ከአንድ ቀን በላይ ሲቈይ ደግሞ የመዳን ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል። በሽታው አንድ ነው፤ ስፌቱም አንድ ነው፤ የተለየው ሰዓቱ ነው።

በነገራችን ላይ፥ ሌላው የቍስል ምክንያት ከኪሳችን አይጠፋም። እነ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያቈስላሉ። በፈተና ሰሞን ለራስ ምታት በባዶ ሆድ የምንውጣቸውን ማስታወስ ይበቃል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ የድህነትና የመንገድ ነገር እንጂ የሐኪም ሥራ አይደለም ይሉናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ሆስፒታል የሚቈጥረው የደረሰለትን በሽተኛ ብቻ ነው። በቃሬዛ ላይ ያረፈው በማንም መዝገብ አይገባም። የደረሰውም ቢሞት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሞተ ተብሎ ይጻፋል እንጂ ሦስት ቀን በመንገድ እንደ ቈየ ሁልጊዜ አይጻፍም። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የስፌቱ ይመስላል፤ መንገዱ ነፃ ይወጣል። ያልተጻፈውን ነገር ደግሞ በጀት የሚመድበው ሰው ሊያየው አይችልም።

ስለዚህ ከመምህራኖቻችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለልምምድ በምንላክበት ሆስፒታል ሁሉ ሆዱን ታሞ ለሚመጣ ድንገተኛ በሽተኛ አራት ጥያቄ እንድንጽፍ ይፈቀድልን፤ ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው፥ ከቤቱ የተነሣው መቼ ነው፥ በመጀመሪያ የሄደው ወዴት ነው፥ ለመጓጓዣ ስንት ከፈለ? የበሽተኛው ስም አይጻፍም። ጥያቄው ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ በዓመት መጨረሻ ግን ከየትኛው ወረዳ የሚመጣ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚያጠፋ በቍጥር ለማሳየት እንችላለን።

ደብተሩን አስምረን አዘጋጅተናል። የሚጽፉ አሥር ተማሪዎችና ሥራውን የሚቈጣጠሩ ሁለት መምህራን ያስፈልጉናል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ በአዳራሹ በር አጠገብ ታገኙናላችሁ።