አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የሒሳብ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ ልንናገርለት የቆምነው ቍጥር 532 ነው። በግዕዝ ፭፻፴፪ ተብሎ ይጻፋል። ከሚሊዮን አጠገብ ታናሽ ነው የሚለን ቢኖር፣ በዓመት ቈጥሮ የጨረሰው ሰው እንደሌለ እናስታውሰዋለን።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ፒያሳ ነው። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ከመካከላችን አንዱ የ1990 ዓ.ም. የግድግዳ ካሌንደር ከቤቱ አግኝቶ ወደ ሻይ ቤት ይዞልን መጣ። ብናስተያየው ዕለቱ ሁሉ አንድ ሆነ፤ መስከረም 1 ያኔም አሁንም ሐሙስ። ምክንያቱ አላስቸገረንም። ሳምንት 7 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በየ4 ዓመቱ ነው፤ 4 ጊዜ 7 ደግሞ 28። «እንግዲያስ ፋሲካም እንደ ያኔው ሚያዝያ 11 ነው» ብለን ፈረድን። ፍርዱ በሻይ ቤት ቢቀር ደግ ነበር። ነገር ግን የጓደኛችን እናት ቅቤ ነጋዴ ናቸውና ልጃቸው ሄዶ ነገራቸው። እሳቸውም የተማረ ልጅ አምነው፣ ከዳባት የሚመጣውን ቅቤ ለሚያዝያ 8 ቀጠሩ።

ያዳኑን የኔታ ናቸው። «ልጆቼ፣ ፀሐይን ቈጥራችሁ ጨረቃን ረሳችሁ» አሉን። ፋሲካ ከጨረቃ ጋር ይሄዳልና፤ የጨረቃም ሒሳብ ወደ ነበረበት የሚመለሰው በ19 ዓመት ነው። በባሕረ ሐሳብ 28ቱ ዐውደ ፀሐይ፣ 19ኙ ዐውደ አበቅቴ ይባላሉ። ሁለቱ የሚገጥሙበት ዐውደ ቀመር ሲሆን እርሱም 532 ነው።

ስለ ምን ይባዛሉ? አንዱ ባጃጅ ፒያሳ በየ4 ደቂቃው፣ ሌላው በየ6 ደቂቃው ቢደርስ በ12 ደቂቃ ይገናኛሉ እንጂ 24 አይጠብቁም፤ ሁለቱም ለ2 ይካፈላሉና። 28 እና 19 ግን ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ 19 ጊዜ 28 ሳይሞላ አይገናኙም።

በየኔታ ፊት ሠራነው። በ2018 ላይ 5500 ሲጨመር 7518 ዓመተ ዓለም ነው፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። 1 ሲነሣለት ወንበሩ 12፤ 12 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል አበቅቴው 12፤ ከ30 ሲጐድል መጥቅዑ 18። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ቢጨመር 25፤ ነነዌ ጥር 25 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ቢቈጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4! ቅቤው ከበዓሉ 4 ቀን ዘግይቶ ሊደርስ ነበር። (በ1990 ለ19 ተካፍሎ የተረፈው 4 እንጂ 13 አልነበረም፤ ይህን ቀድመን ብናይ ኖሮ ከሴትዮዋ ቍጣ በዳንን።)

ትክክለኛው የ2018 አምሳያ ከ532 ዓመት በፊት የነበረው 1486 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ጐንደር ገና ዋና ከተማ አልሆነችም። ዐፄ ፋሲል የቈረቈሯት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነውና፣ ከተማችን አንዱን ዙር እንኳ አልፈጸመችም፤ 142 ዓመት ያህል ይቀራታል።