በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ታሪክ



በ1841 (እ.ኤ.አ.) ከሃሪስ መልእክተኞች ጋር ወደ ሸዋ የመጣው ጀርመናዊ ሠዓሊ ቤርናትዝ በቆላው መንገድ ያየውን በሥዕል አስቀርቷል። በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ ያደገችው ሸዋ ሮቢት ግን ታሪኳ የሚገኘው በነዋሪዎቿ ግድግዳ ላይ ነው።

ይህ ቅርስ ጠላቱ ብዙ ነው። የቆላው ወበቅ ፎቶግራፉን ከመስተዋቱ ጋር ያጣብቀዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን በደረሰባት ጊዜም፣ ነፍሱን ለማዳን ለሚሸሽ ሰው አልበም የሚታወስ ዕቃ አልነበረም።

ስለዚህ ባለሙያው ቅጂ ወስዶ ዋናውን ለባለቤቱ ይመልስ፤ ስም፣ ስፍራና ዘመን በጀርባው ላይ በእርሳስ በቀስታ ይጻፍ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሽማግሌዎቹ ይጠየቁ፤ ቅጂ ቢበዛም፣ ፊቶቹን በስም የሚጠራ ሰው ካለፈ ምስሉ ባለቤት አልባ ይሆናልና።